የዓርብ ቅቤ

ቅናተኛ ነኝ። አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ ማንም "አልነገርሽንም" እንዳይለኝ። የሰው ቀሚስ፣ የሰው ፀጉር፣ የሰው ባል አያስቀናኝም፤ እሱን ለሌሎች ትቼዋለሁ። እኔ የምቀናው በእናቴ ፍቅር ብቻ ነው። የምቀናውም በአንዲት ሴት ላይ ነው፤ ሪሃና ሰዒድ ትባላለች። ነገሩ የተጀመረው ከዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ዓርብ ቀን፣ በአንድ እንጀራ ፍርፍር ነው። የሚስቅ ይሳቅ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ያኔ ሁለታችንም ስምንት ዓመታችን ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ። እኛ ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ከግንቡ ውጭ እንኖራለን፤ እነሱ ደግሞ በበሩ ገባ ብሎ፣ ጀጎል ውስጥ። እናቶቻችን ሁለቱም ሰፊዎች ናቸው። የእኔ እናት ሙሉነሽ በእግር በሚረገጥ መኪና የጀጎልን ሴቶች ቀሚስ ትሰፋለች፤ የሪሃና እናት እትዬ ዐብላ ደግሞ በአለላ ሙዳይ ትሰፋለች። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዐብላ ሥራዋን ይዛ እኛ ቤት ትመጣና አንዷ መርፌዋን፣ አንዷ ወስፌዋን ይዘው ሲያወሩ ይውላሉ። ሐረሪውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን አደበላልቀው ሲያወሩ ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ሳቃቸው ግን ይገባኛል።

ያን ቀን አራት ሰዓት ገደማ፣ መምህር ከበደ በር ላይ ከአንድ ሰው ጋር ሲንሾካሾኩ ቆይተው ተመለሱና፣ "ሪሃና ሰዒድ፣ ደብተርሽን ሰብስቢ፤ ከቤት መጥተውልሻል" አሉ። አንገቴን አስግጌ በመስኮት አየሁ። የመጣችው የእኔ እናት ናት!

እናቴ ትምህርት ቤት መጥታ አታውቅም። ኩፍኝ ይዞኝ ክፍል ውስጥ ስንቀጠቀጥ እንኳ የጎረቤት ሰው ነው የላከችብኝ፤ ደንበኛ ቆሞብኛል ብላ። ዛሬ ግን ራሷ መጣች፤ መጥታም የጠራችው ሪሃናን ነው። የእኔ ስም ከኋላ ነው የመጣው፦ "ልደት ሀብተወልድ፣ አንቺም ሂጂ።" የሽንኩርት ነጋዴ ከመዘነ በኋላ ጣል እንደሚያደርጋት ምርቃት ነው የተጠራሁት።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ እናቴ ሪሃናን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። አንዴ አይደለም፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን። ደረቷ ላይ ቀይ ክር የገባበት መርፌ እንደተሰካ ነበር፤ ከመኪናዋ ላይ ብድግ ብላ ነው የመጣችው። እኔን በእጇ ጀርባ ትከሻዬን ገፋ አደረገችና፣ "ቦርሳዋን ያዥላት" አለችኝ። ያዝኩላት። የእኔን በአንድ ትከሻ፣ የእሷን በሌላው፣ እንደ አህያ ተጭኜ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። እነሱ ከፊቴ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

ደግሞ ሁልጊዜ የምንሄድበትን አቋራጭ ትታ በግንቡ ዙሪያ ወሰደችን። በአቋራጩ ብንሄድ የእነሪሃናን ሰፈር ጥግ እንነካ ነበር። እኔ፣ ሪሃናን ልታንሸራሽራት ነው አልኩ በሆዴ። መንገድ ላይ ሰዎች እናቴን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሏታል፤ አንዲት ጫት ሻጭ ኦሮሞ ሴትዮ ሪሃናን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይኸውላችሁ አልኩ፤ አገሩ ሁሉ ዛሬ ሪሃናን ነው የሚያየው።

ቤት እንደገባን እናቴ በግንቡ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው። ቀጥላ ሬዲዮኑን ከፈተች፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው። እናቴ በጾም ቀን ሬዲዮ ላይ ዘፈን አታስነካም፤ ያን ቀን ግን ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ቤቱን ሞላው። ሠርግ ነው እንዴ?

"እትዬ ሙሉ፣ እናቴ ወለደች?" አለች ሪሃና። እትዬ ዐብላ ከትናንት በስቲያ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታ ነበር።

እናቴ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ፣ "አዎ፣ ወንድም አግኝተሻል" አለች።

"ራሷስ?"

"መጀመሪያ ብዪ። ከበላሽ በኋላ ትሄጃለሽ።"

ወንድም! እኔ ለእናቴ ወንድም ውለጂልኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩ? ፋሲካ ሲመጣ እጠይቃለሁ፣ ገና ሲመጣ እጠይቃለሁ፤ መልሷ ሁልጊዜ "እግዚአብሔር ሲፈቅድ" ነው። ለሪሃና ፈቀደላታ! አሁን ገባኝ አልኩ፤ ከክፍል መጠራቱ፣ መሳሙ፣ ዘፈኑ፣ ሁሉ ለወንድሟ ደስታ ነው። ከዚህ ወጥታ ሕፃኑን ልታቅፍ ነው፤ እኔ ቦርሳ ተሸካሚዋ እዚሁ ልቀር ነው።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ። እትዬ ዐብላ ንጋት ላይ ልጁን ተገላገለች፤ ደሙ ግን አልቆም አላት፤ ጀምበር ሳትወጣ ሞተች። በእኛ አገር መርዶ በባዶ ሆድ ለማንም አይነገርም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው፤ ሐዘንተኛው እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ይነገረዋል፤ ከሰማ በኋላ እህል በጉሮሮው አይወርድማ። ቀብሩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነበር። ሪሃና ከዚያ በፊት ደርሳ የእናቷን ፊት ማየት አለባት። እቤታቸው ሰው ሞልቷል፤ ስለዚህ ዘመዶቿ፣ "ሙሉነሽ፣ አንቺ አብልተሽ አምጪልን" አሏት። ይኸው ነው፤ ከመኪናዋ ላይ ተነሥታ የመጣችው ለዚህ ነው። በግንቡ ዙሪያ የወሰደችን፣ መስኮቱን የዘጋችው፣ ሬዲዮኑን የከፈተችው ሪሃና ለቅሶውን እንዳትሰማ ነው። ጓደኛዋ ሞታባት፣ አንዲት እንባ ሳታወጣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዲት ልጅ ልታበላ።

እንጀራ የምንጋግረው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት መሶቡ ውስጥ የቀረችው አንዲት እንጀራ ብቻ ነበረች፤ ጠርዟ የደረቀ። እናቴ ቡታጋዙን ለኮሰችና ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተንጠራራች። ሰማያዊዋን ድስት አወረደች።

ስለዚያች ድስት ልንገራችሁ። ትንሽ ናት፤ የራሷ ሳህንና የራሷ ማንኪያ አሏት። "የነሪሃና ድስት" ነው የምትባለው። ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ እኛም የእነሱን አንበላም። እናቴ የእኛ ሥጋ የገባበት ድስት ለእነሱ እንዳይቀርብ ብላ፣ ለእትዬ ዐብላና ለሪሃና ብቻ ያቺን ገዝታ ለይታ አስቀመጠች። እስካሁን ሥጋ ነክቷት አያውቅም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ሐረር ተወልዶ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ማወቄ ግን ቅናቴን አላስታገሠውም። የእኔ ድስት የት አለ? በስሜ የተቀመጠ ሳህን አለ? እኔ ከመጣው ከሄደው ጋር ነው የምበላው።

ሽንኩርቱን ከተፈችው፤ አንዱ ቁራጭ እንደ ጣት፣ አንዱ እንደ ጥፍር ሆነ። እናቴ ሽንኩርት እስኪቀላ የምታቁላላ ሴት ናት፤ ያን ቀን ገና ጥሬውን በርበሬ ነሰነሰችበት። በርበሬው አረረና ሦስታችንም ሳልን። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የሽንኩርቱ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ዓይኗ ሽንኩርቱ ከመከተፉም በፊት ቀልቶ ነበር።

ከዚያ የቅቤውን ቅል አነሣች።

"እማዬ!" አልኩ። "ዓርብ እኮ ነው!"

እናቴ ዓርብና ረቡዕ ቅቤ ያለበት ቤት አጠገብ ስታልፍ አፍንጫዋን የምትይዝ ሴት ናት ብል ብዙም አልዋሸሁ። በዚያ ዓመት እኔንም እስከ ስድስት ሰዓት መጾም አስጀምራኛለች። አሁን ግን በማንኪያ ሙሉ ዛቀችና ድስቱ ውስጥ ጣለችው። ሽታው! ጥጋብ ራሱ ቤት የገባ መሰለኝ።

"አውቃለሁ ዓርብ መሆኑን" አለች። "ለሪሃና ነው። ወፈር ብሎ ሆዷን ይያዝላት። አንቺ ጹሚ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽሮ አለልሽ።"

እንጀራዋን ቆራርሳ ጨመረች፣ አማሰለች፣ በሰማያዊው ሳህን ገልብጣ ሪሃና ፊት አስቀመጠች። ራሷም ተንበረከከችና ጠቀለለች። "እንኪ የኔ እናት፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።"

አፈር ስሆን! ለእኔ አንድም ቀን አፈር ሆናልኝ አታውቅም። ለእኔ "ብዪ አንቺ፣ ይቀዘቅዛል" ነው።

ሪሃና አፏን ከፈተች። ትንሽ አኘከች፣ ቆመች፣ እንደገና አኘከች። ልጅቷ ሆዷ ሳይነግራት አልቀረም፤ ዓይኗ ከተዘጋው መስኮት ላይ አልተነሣም። እናቴ ሁለተኛውን ጠቅልላ ስትጠብቅ በሩ ተንኳኳ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

"መጡ እንዴ? ገና እኮ ነው" አለች ለራሷ። ጉርሻውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ተከትያት ሄድኩ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለመለጠፍ። የመጣው ፋሪስ ነው፤ የእትዬ ዐብላ ታናሽ ወንድም። ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገረው፤ ሬዲዮኑ ግማሹን ይውጥብኛል።

"እት ሙሉ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን..."

"ቀስ በል፣ ትሰማለች።"

ለሞት እንደሚባል አላውቅም፤ ያን ቃል የሪሃና አባት ሰዒድ የሱቁ መብራት ድርግም ሲልበትም ሲለው ሰምቼዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልኩ።

"ሕፃኑ ደህና ነው?" አለች እናቴ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወንዱ ደህና ነው። እሷ በልታለች?"

"አንድ ጉርሻ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ ወንድሜ። ባዶ ሆዷን እዚያ ቤት አላስገባትም፤ ለዐብላ ቃል ገብቻለሁ። 'አንድ ነገር ብሆን ሪሃናን' ብላኛለች። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ ናት።"

ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ ናት። እሱን ሬዲዮኑ አልዋጠውም፤ ጥርት ብሎ ሰማሁት። እነሱ ወንድ ልጅ አገኙ፤ ሪሃናን ለእኛ ሰጡን። እናቴም ተቀበለች። ድስቷ የተገዛው፣ ሳህኗ የተለየው ለካ ለዚህ ነው! ታዲያ እኔስ? እኔን ለማን ሊሰጡኝ ነው?

ከበሩ ተመለስኩ። ሪሃና ሁለተኛውን ጉርሻ ራሷ አንሥታ አፏ ውስጥ ከታዋለች። ፊቷ ቆምኩ።

"ይህን ድስት ታውቂዋለሽ?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

"ለገና ጥብስ ሠራንበት። የእኛን በግ።"

ማኘኳን አቆመች። "ትዋሻለሽ።"

"እውነቴን ነው።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ!" አልኩ። እኔ የሙሉነሽ ልጅ፣ አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ፣ ወላሂ ብዬ በሐሰት ማልኩ።

ሪሃና አላለቀሰችም። መዳፏን አፏ ሥር አድርጋ ያኘከችውን አወጣች። ከደብተሯ ላይ አንድ ቅጠል ቀድዳ፣ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ መሬት ላይ መጣል ነውር ስለሆነ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

በላሁት። በዓርብ፣ በአምስት ሰዓት፣ በቅቤ የራሰውን። ምላሴ ተቃጠለ፣ ግድ አልሰጠኝም፤ ጉርሻው ሳይወርድ ሌላ እጨምራለሁ። ሳህኑን በጣቴ ጠረግኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ግብዣ በላሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝና እንደዚያ የመረረኝ ምግብ ግን የለም።

እናቴ ገባች። ባዶውን ሳህን አየች፤ ሳህኑ ሪሃና ፊት ነው። እኔ መለስ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ለክፋት ጊዜ ብልኅ ነበርኩ።

"በላሽልኝ!" አለች። "ጨረስሽልኝ! ተመስገን አምላኬ! እሰይ የኔ እናት፣ እሰይ!" እቅፍ አድርጋ እየወዘወዘቻት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሬዲዮኑ ይዘፍናል። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የሪሃናን አፍ ጠረገችላት። አንዲት ጠብታ ወጥ የሌለበትን ንጹሕ አፍ። የእኔ አፍ እስከ ጉንጬ ቀልቶ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብላ አላየችኝም።

ሪሃና ግን አየችኝ። አንዲት ቃል ብትናገር አለቀልኝ። አልተናገረችም። የፋሪስን እጅ ይዛ ወጣች። እናቴም ደጁ ላይ፣ "በልታለች ፋሪስ፣ ሙልጭ አድርጋ ነው የበላችው" ስትል ሰማሁ፤ አንድ ትልቅ ዕቃ ከጫንቃዋ ላይ ያወረደች ትመስል ነበር።

"እኔስ እማዬ? ሕፃኑን አላይም?" አልኩ።

"አንቺ እዚህ ቆዪ" አለችኝና በሩን ዘግታብኝ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ድምፅ የላትም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ "ዐብላ ሞተች" አለችኝ። "ሪሃና እናት የላትም አሁን።"

ቆሜ ነበር፤ ወለሉ ላይ አስታወክሁ። ሁሉንም። እናቴ ግንባሬን ይዛ፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ" እያለች ጀርባዬን አሻሸችኝ። ኋላ ለጎረቤት ሁሉ፣ "የእኔ ልደት አንጀቷ እንዴት ስስ መሰላችሁ፤ የዐብላን ሞት ስትሰማ ሆዷ ተገለበጠ" ብላ አወራች። ሰው መረቀኝ። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ምርቃት እሱ ነው፤ ወለሉን ስትወለውል ወለሉ ላይ ያለውን ቀይ ቅቤ እንኳ አላየችውም።

ሪሃና ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አክስቶቿ ወተት ሲሰጧት ታዞረዋለች፣ ቴምር ሲሰጧት እጇ ውስጥ ይዛው ታድራለች። በአራተኛው ቀን ነው የቀመሰችው። "ደግነቱ ሙሉነሽ አስቀድማ አብልታት ነበር፤ እሱ ነው ያቆማት" ይሉ ነበር አክስቶቿ። እናቴም ያን ያዘች። ለሃያ አምስት ዓመት ያዘችው። ሰው በተሰበሰበበት፣ የዐብላ ስም በተነሣ ቁጥር፣ "ዐብላን ላድናት አልቻልኩም። ልጇን ግን ባዶ ሆዷን አልሰጠኋትም። ያቺ ፍርፍር ናት ያቆመቻት" ትላለች። ስንት ነገር የሠራች ሴት፣ ስንት ሙሽራ ያለበሰች ሴት፣ የምትኮራው በዚያች በችኮላ በተሠራች ፍርፍር ነበር። ይህን ስትናገር ሪሃና ካለች፣ "እውነት ነው እማ ሙሉ" ትላታለች። እትዬ ሙሉ ማለቱን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ትታዋለች። እኔ ደግሞ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ልብስ የማሰጣ እመስላለሁ።

ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነሥቻለሁ። "እማዬ፣ የበላሁት እኔ ነኝ።" አምስት ቃል አይሞላም። ግን እሱን ብነግራት ያቺን ፍርፍር ከእጇ መቀማቴ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ የፈራሁት ሌላ ነው፤ ይህን ብታውቅ ሪሃናን ጨርሳ ትመርጣለች ብዬ ነው።

ሪሃና ግማሽ ሳምንቷን እኛ ቤት አደገች። ትንሹ ወንድሟ ሀፊዝም በእናቴ መኪና ሥር ነው መዳህ የተማረው። ጓደኛሞች ነን ወይ? ነን። በሠርጌ ቀሚሴን የያዘችልኝ እሷ ናት፤ በኒካሕዋ ዕለት እኔ ነኝ ሒና ያሰርኩላት። ስለዚያ ዓርብ ግን አንድም ቀን አላነሣንም። እኔ ድሬዳዋ ሥራ ይዤ ስሄድ እሷ ጀጎል ቀረች። እናቴ ስኳር በሽታ ሲጠናባት ጠዋት ጠዋት እየሄደች መርፌዋን የምትወጋላት እሷ ሆነች። ስደውል፣ "ሪሃና መጥታ ነበር፣ ሪሃና አጠበችኝ፣ ሪሃና አሳቀችኝ" ነው። "እግዜር ይስጣት" እላለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ጥርሴን እነክሳለሁ። ስንት ዓመት ሆነኝ እኮ! ሁለት ልጅ ወልጄ እንኳ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ሆስፒታል ገባች። አንድ ረቡዕ ጠዋት ሪሃና ደወለችልኝ። "ነይ" ነው ያለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። "ባሰባት?" አልኳት። "ነይ ብቻ።" ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያው ላይ ጠበቀችኝ፤ አቀፈችኝና ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ ባጃጅ ልጠራ እጄን ሳነሣ እጄን ይዛ አወረደችው።

"መጀመሪያ ቤት እንሂድ። እህል ቅመሺ።"

"አልራበኝም።"

"ቅመሺ፤ ከዚያ እንሄዳለን።"

በአቋራጩ አልሄድንም። በእናቴ ቤት በር የሚያሳልፈውን መንገድ ትታ በግንቡ ዙሪያ ወሰደችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ገና ፈላና በር ሳንገባ፣ ገና ማንም ምንም ሳይለኝ። ቦርሳዬን ተሸክማ ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች፤ እኔም እንደ ልጅ እከተላታለሁ።

ቤቷ ስንደርስ ሀፊዝ ደጁ ላይ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ በሩን ይሞላል። ዓይኔን አላየኝም። ዘሎ ገባና ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ የሚጮኽ ማስታወቂያ ነበር።

ሪሃና ጓዳ ገባች። በሩ ክፍት ስለሆነ አያታለሁ። ሽንኩርት ትከትፋለች፤ አንዱ ቁራጭ እንደ ጣት፣ አንዱ እንደ ጥፍር። ከመደርደሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አወረደች፤ የፋብሪካ ምልክቱ እንኳ ያልተላጠላት አዲስ። ዘይት ጨመረች። ከጓዳው ሆና፣ "ረቡዕ ስለሆነ በዘይት ነው" አለች።

ወንበሩ ላይ የእጅ ቦርሳዋ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ የእናቴ መነጽር አለ። አንዱ ክንፉ በቀይ ክር የታሰረው፤ እናቴ ራሷ ያሰረችው።

እዚያች ላይ፣ አዎ፣ በዚያች ሰዓትም ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ነበረች አጠገቧ። እጇን የያዘችው እሷ ናት፣ መነጽሯን ያወለቀችላት እሷ ናት። የእናቴን የመጨረሻ ቃል የሰማ ጆሮ ያለው እሷ ላይ ነው። እኔ ድሬዳዋ ተኝቼ ነበር።

ሪሃና ሳህኑን ይዛ መጣች። ፊቴ አስቀመጠችው፤ ራሷም ተንበረከከች። በርበሬው አርሯል፤ ያስላል።

"ድስቱ አዲስ ነው" አለች። "ሥጋ አልነካውም።" ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። "ወላሂ።"

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርን ለካ፤ እሷም እኔም።

"ነግረሻት ታውቂያለሽ?" አልኳት። ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም።

"ትናንት ጠየቀችኝ" አለች። "ዐብላን አነሣችና፣ 'ሪሃና፣ ያን ቀን በርበሬው አሮብኝ ነበር፤ እንዲያው ጣፍጦሽ ነበር?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"'ጣፍጦኝ ነበር እማ ሙሉ፤ ሙልጭ አድርጌ ነው የበላሁት' አልኳት። ደስ አላት። ሳቀች።"

እሷ እንጀራውን ጠቀለለች።

"እንኪ ልደት። አፈር ስሆን።"

አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩ። አልወርድ አለኝ፤ አኘክሁት፣ ዋጥኩት። ሁለተኛ ጠቀለለች፣ ጎረስኩ። ሦስተኛ። ከዚያ እጇን ያዝኩና ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት። ራሴ በላሁ፤ እንባዬ ሳህኑ ውስጥ እየወረደ፣ ያረረውን በርበሬ፣ ጥሬውን ሽንኩርት፣ አንዲት ቁራሽ ሳላስቀር። ሪሃና ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ሳህኑን በጣቴ ጠረግኩት፤ ባዶውን ወደ እሷ ገፋሁላት።

አፌን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

"በልቻለሁ" አልኳት። "በይ አሁን ንገሪኝ።"